ሕፃኑን ወደ ማዕዱ ስናቀርብ፦ የመመገቢያ ወንበር አመራረጥ



በዚህ የቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ልጆች አስተዳደግ ስናነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ተርቢያ፣ ስለ ቁርኣን ትምህርትና ስለ ጠባይ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ልጅ አማና ነው ስንል የልጁ አካልም የአማናው ክፍል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኞች መሆናችንንና ስለምንጠብቀው ሁሉ ተጠያቂዎች መሆናችንን አስተምረውናል። እረኛ ደግሞ መንጋውን ከጅብ ብቻ ሳይሆን ከገደልም ይጠብቃል። ገና መቀመጥ ለጀመረ ሕፃን የአንድ ሜትር ከፍታ ገደል ነው።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በገበያ «ሃይ ቼር» እየተባለ ስለሚጠራው የሕፃን መመገቢያ ወንበር ነው። ይህ ዕቃ ቀደም ሲል በየቤቱ የሚታይ አልነበረም። ዛሬ ግን በከተማ ሱቆች ይሸጣል፤ ከዓረብ አገር፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካም ዘመዶች ይልኩታል፤ አናጢም ያሠሩታል። ብዙ ወላጆች ሲገዙ የሚያዩት ቀለሙንና ጌጡን ነው። እኛ ደግሞ ከቀለሙ በፊት ሊታዩ የሚገባቸውን ነገሮች በአላህ ፈቃድ እንዘረዝራለን።

ለመሆኑ ወንበሩ ለምን ያስፈልጋል?

አንዳንድ ወገኖች «እኛ ያደግነው በእናታችን ጭን ላይ ነው፤ ይህ ቅንጦት ነው» ይላሉ። ንግግሩ ከፊል እውነት አለው። የእናትን ጭን የሚተካ ወንበር አልተሠራም፤ ወንበር መግዛትም ግዴታ አይደለም። አቅም የሌለው ወላጅ በዚህ ምክንያት ሊጨነቅ፣ ይልቁንም ሊበደር አይገባውም። ነገር ግን እናት ሕፃኑን ታቅፋ ትኩስ ወጥና ሾርባ ወደቀረበበት ማዕድ ስትቀመጥ ነፃ የሚሆነው አንድ እጇ ብቻ ነው። የሕፃኑ እጆች ግን ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሕፃኑ በራሱ ቦታ ተደላድሎ ሲቀመጥ እርሱም ከትኩስ ነገር ይርቃል፣ እናትም ምግቧን ትበላለች።

ከዚህ የበለጠ ጥቅምም አለው። ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) የእሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ልጅ ሲሆን ያደገው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንክብካቤ ሥር ነው። ልጅ ሳለ ሲበላ እጁ በሳህኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። እርሳቸውም የአላህን ስም እንዲያነሳ፣ በቀኝ እጁ እንዲበላና ከፊት ለፊቱ ካለው እንዲወስድ አስተማሩት። ከዚያ በኋላ አበላሉ ሁልጊዜ እንደዚያው እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ እንበል፤ ይህ ትምህርት ለልጁ የደረሰው ከማዕዱ ዙሪያ ስለነበረ ነው። በጓዳ ለብቻው የሚመገብ ሕፃን ግን «ቢስሚላህ» ሲባል ከማን ይሰማል? በቀኝ እጅ ሲበላስ ማንን ያያል?

ስለዚህ ጥሩ የመመገቢያ ወንበር ማለት ሕፃኑን ከእኛ የሚለይ ሳይሆን በሰላም ወደ ማዕዳችን የሚያቀርበው ወንበር ነው። ይህን መለኪያ ከወዲሁ እንያዝ። «በሰላም» የሚለውም፣ «ወደ ማዕዳችን» የሚለውም ለምርጫችን እኩል ያስፈልጉናል።

ሕፃኑ መቼ ይቀመጥበታል?

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠቡ፣ ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ምግብ እንዲጀምሩ፣ ጡት መጥባቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ ማጥባትን ማሟላት ለፈለገ የተጠቀሰው ጊዜ ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑንም እናስታውሳለን። እንግዲያው ወንበሩ የሚመጣው ጡትን ለማስጣል ሳይሆን ከጡት ጋር ለሚሰጠው ምግብ ነው።

ይሁን እንጂ ወሩ ስለሞላ ብቻ ሕፃኑን ወንበር ላይ ማስቀመጥ አይበቃም። አንገቱ ጸንቶ ራሱን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ በጥቂት ድጋፍ መቀመጥ፣ ምግብ ሲያይ አፉን መክፈትና እጁን መዘርጋት ይኖርበታል። ሲያስቀምጡት ወደ ጎን የሚያዘነብል ወይም ወደ ታች የሚንሸራተት ሕፃን ገና ነው። በትራስ ጠቅጥቆ ማስቀመጥም መፍትሔ አይሆንም፤ ጥቂት ሳምንታት መታገስ ይሻላል።

አንዳንድ ወንበሮች ጀርባቸው ወደ ኋላ ይተኛል። ይህ ለማረፊያ ካልሆነ በስተቀር ለመመገቢያ አይሆንም። ሕፃን ተንጋሎ ሲመገብ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው የመግባት ዕድሉ ይጨምራልና ሲበላ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተደግፈው እንደማይበሉ የተናገሩ መሆናቸውን ቡኻሪ ዘግቧል። የአበላል ሥርዓታችን ከጥንቱም ተስተካክሎ መቀመጥን የሚያስተምር ነው።

አደጋው ከምን ይመጣል?

በዚህ ጉዳይ ላይ በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ጥናቱ የተመለከተው ከ2003 እስከ 2010 ያሉትን ዓመታት ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 3 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ከ9,400 በላይ ሕፃናት በየዓመቱ ከመመገቢያ ወንበር ጋር በተያያዘ ጉዳት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይመጡ እንደነበር አሳይቷል። ከነዚህ ውስጥ 93 በመቶው የደረሰባቸው አደጋ መውደቅ ነው። ከመውደቃቸው በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር ከታወቀው ሕፃናት መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወንበሩ ላይ ሲንጠላጠሉ ወይም ሲቆሙ የነበሩ ናቸው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሕፃኑን ለመውደቅ የሚዳርገው በአብዛኛው የወንበሩ መሰበር ሳይሆን የሕፃኑ አለመታሰር ነው። በቀበቶ በሚገባ የታሰረ ሕፃን አይቆምም፤ አይንጠላጠልም። የሕፃን ራስ ከሌላው አካሉ ጋር ሲመዛዘን ከባድ በመሆኑ ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመታው ራሱ ነው።

ብዙ ወላጆች ከፊቱ ያለው ትሪ ሕፃኑን የሚይዘው ይመስላቸዋል። ትሪ የሳህን ማስቀመጫ እንጂ ማሰሪያ አይደለም። ሕፃኑ ከሥሩ ሊንሸራተት፣ በላዩም ሊወጣ ይችላል። ቀበቶ አለማሰርን በተወኩል የሚያመካኝ ካለም ቲርሚዚ የዘገቡትን ሐዲሥ እናስታውሰው። ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ፈትቶ ይመካ እንደሆነ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ በአላህ እንዲመካ ነግረውታል። ለግመል ማሰሪያ ካስፈለገ ለልጃችንማ እንዴት አያስፈልግ!

ስንገዛ ምን እንመልከት?

አንደኛ፣ መሠረቱን። የወንበሩ እግሮች ከመቀመጫው ይልቅ ወደ ውጭ ሰፋ ብለው መቆም አለባቸው። ሱቅ ውስጥ ሳሉ ከጎንም ከኋላም ገፋ አድርገው ይሞክሩት። በቀላሉ የሚነቀነቅ ወይም አንድ እግሩ የሚነሳ ከሆነ ይለፉት። ጎማ ያለው ከሆነ ጎማው መቆለፍ አለበት። ታጣፊ ከሆነ ደግሞ ሲዘረጋ ጸንቶ የሚቆለፍ፣ ሕፃኑ ተቀምጦበት ሳለ ሊታጠፍ የማይችል መሆኑን ያረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ቀበቶውን። ወገቡን ብቻ የሚይዝ ቀበቶ አይበቃም። ከወገቡ ሌላ በጭኖቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ የግድ ያስፈልጋል፤ ይህ ነው ሕፃኑ ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሚያደርገው። ትከሻውንም ጨምሮ በአምስት ቦታ የሚይዘው ቀበቶ ሕፃኑን ከመቆም ስለሚያግደው ከሁሉ ይመረጣል። ዘለበቱ ለአዋቂ ቀላል፣ ለሕፃን ግን የማይከፈት ይሁን። እናትን የሚያታግል ዘለበት ከሳምንት በኋላ ሳይታሰር እንደሚቀር የታወቀ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ሦስትና አራት ጊዜ አስራችሁ ፈታችሁ ሞክሩት።

ሦስተኛ፣ የእግር መርገጫውን። ይህ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነው። እግሩ በአየር ላይ የሚንጠለጠል ሕፃን ይቁነጠነጣል፤ ሚዛኑን ለመጠበቅ ስለሚታገልም ለመብላት ይቸገራል። ጉልበቱ ታጥፎ እግሩ መርገጫው ላይ ሲያርፍ ግን ተረጋግቶ ይቀመጣል። ኖርዌያዊው የዕቃ ንድፍ ባለሙያ ፒተር ኦፕስቪክ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የቀረበውን «ትሪፕ ትራፕ» የተባለ የእንጨት ወንበር የነደፈው በዚሁ ሐሳብ ነው። መቀመጫውና መርገጫው ልጁ ባደገ ቁጥር ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ወንበሩም ከቤተሰቡ ጠረጴዛ ጋር ይገጥማል። ይህንኑ ወንበር እንግዛ ማለታችን አይደለም። ሐሳቡ ግን ለየትኛውም ወንበር ይሠራል፦ መርገጫ ይኑረው፣ ቢቻልም ከልጁ ጋር የሚስተካከል ይሁን።

አራተኛ፣ ክፍተቶቹንና ጠርዞቹን። እግር የሚገባበት ክፍተት የሕፃኑን ዳሌ የሚያሳልፍ ከሆነ አደገኛ ነው፤ ሰውነቱ አልፎ ራሱ ሊያዝ ይችላልና። በሚታጠፍበት ቦታ ጣት የሚቆነጥጥ ነገር አለመኖሩን እዩ። ጠርዙን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ስለታም፣ ስንጥር ወይም የወጣ ብሎን አይኑረው። ተነቅሎ ወደ አፍ የሚገባ ትንሽ ጌጥም አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ጽዳቱን። ገንፎና አጥሚት በየስንጥቁ ገብቶ ሲደርቅ ሽታና ተባይ ያመጣል። ስንጥቁ የበዛ ወንበር ውኃ በሚቸግርበት ቤት ትልቅ ሥራ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ የሚጸዳ፣ ትሪውና ቀበቶው ተነቅለው የሚታጠቡ ቢሆን ይመረጣል። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ የጠሃራ ጉዳይም አለበት። ምግብ መብላት የጀመረ ልጅ ሽንት እንደማንኛውም ነጃሳ ታጥቦ የሚጠራ ነው። ወንበሩ ሰላት በምንሰግድበት ክፍል የሚቀመጥ ከሆነ የጨርቅ መቀመጫው ወልቆ የማይታጠብ ወንበር በየቀኑ ያስቸግራል። ጨርቅ የሌለው ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም እንጨት ይቀላል።

ከውጭ የሚመጡትን በተመለከተ ምልክታቸውን ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ኤ ኤስ ቲ ኤም ኤፍ 404 የተባለው የመመገቢያ ወንበር ደረጃ ከጁን 2019 ጀምሮ በሕግ አስገዳጅ ሆኗል። የአውሮፓው ደረጃ ደግሞ ኢ ኤን 14988 ይባላል። እነዚህ ቁጥሮች በወንበሩ ወይም በማሸጊያው ላይ ካሉ ጥሩ ነው። ሆኖም ምልክት አለው ብለን በእጃችን መፈተሹን አንተው።

ለየትኛው ቤት የትኛው ወንበር?

ቀደም ሲል የያዝነው መለኪያ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በጠረጴዛ የሚመገብ ቤተሰብ ረጅሙን ወንበር ቢገዛ ሕፃኑ ከቤተሰቡ ጋር ይስተካከላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንመገበው በመጅሊስ ተቀምጠን፣ ሱፍራ ዘርግተን ወይም በዝቅተኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ረጅም ወንበር ቢገዛ ሕፃኑ ከሁሉም በላይ ለብቻው ተሰቅሎ ይቀመጣል፤ ከማዕዱም ይርቃል፣ የሚወድቅበት ከፍታም ይጨምራል። ለነዚህ ቤቶች መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ጀርባና ቀበቶ ያለው ዝቅተኛ የሕፃን ወንበር ይበልጥ ይስማማል። ዋጋውም በአብዛኛው ይቀንሳል። ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለው፤ ዝቅተኛ ወንበር ቦታው መሬት ብቻ ነው። ከፍ እንዲል ተብሎ ጠረጴዛ፣ አልጋ ወይም ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ከረጅሙ ወንበር የከፋ አደጋ ያመጣል።

በአዋቂ ወንበር ላይ የሚታሰር የሕፃን መቀመጫም አለ። ይህ ጽኑ የእንጨት ወይም የብረት ወንበር ይፈልጋል። እርስ በርሱ የሚደራረበው ቀላል የፕላስቲክ ወንበር በቀላሉ ስለሚገለበጥ አይሆንም። በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚጠለፈውም ዓይነት ከባድና ጠንካራ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል፤ በመስታወት ጠረጴዛ፣ በአንድ እግር በሚቆም ጠረጴዛ ወይም በጠረጴዛ ልብስ ላይ አይጠለፍም።

አናጢ ለምታሠሩ ደግሞ ሦስት ነገር አደራ እንላለን። እግሮቹ ወደ ውጭ ከፈት ይበሉ፤ የቀበቶውን ነገር መጀመሪያ ተነጋገሩ፤ ቀለሙን ጠይቁ። ሕፃን ያገኘውን ጠርዝ ሁሉ ይነክሳል። እርሳስ የተባለው ማዕድን ያለበት ቀለም ደግሞ ትንሹም ቢሆን የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል። ከእርሳስ ነፃ መሆኑ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈ ቀለም ካልተገኘ እንጨቱን በደንብ አስልሶ ያለ ቀለም መተው ይሻላል። ለቀበቶው ጠንካራና ሰፊ ጥብጣብ ከእነ ዘለበቱ ይገዛና ከእንጨቱ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ገመድና ነጠላ አንገት ላይ ሊጠመጠሙ ስለሚችሉ አይሆኑም።

ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ወይም በካርጎ የሚላክ ያገለገለ ወንበር ብዙ ጊዜ ጥሩ ስጦታ ነው። ሲደርስ ግን ቀበቶው ሙሉ መሆኑን፣ ብሎኖቹ አለመጉደላቸውን፣ ፕላስቲኩ አለመሰንጠቁን መፈተሽ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ጉድለት ተገኝቶባቸው ከገበያ እንዲሰበሰቡ የተደረጉ ዕቃዎችን ለሕዝብ ያስታውቃል። ስለዚህ ላኪው ዘመድ ከመላኩ በፊት ከወንበሩ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ስምና ቁጥር ይዞ ቢያጣራ መልካም ነው። እኛም ልጃችን ሲያድግ ወንበሩን ለሌላ ቤተሰብ ስንሰጥ ቀበቶው እንዳይጎድል እንጠንቀቅ። ቀበቶው የጎደለ ወንበር የሰጠ ሰው አደጋም አብሮ ሊሰጥ ይችላል።

ወንበሩ የት ይቀመጥ? ማንስ ይጠብቅ?

ወንበሩ ከጠረጴዛና ከግድግዳ በጣም ተጠግቶ ከሆነ ሕፃኑ በእግሩ ገፍቶ ከእነ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ከከሰል ምድጃ፣ ከጀበና፣ ከመስኮት፣ ከመጋረጃ ገመድና ከኤሌክትሪክ ሽቦ መራቅ አለበት። የጠረጴዛ ልብስም ቢነሳ ይሻላል፤ ሕፃኑ አንዴ ከጎተተው ሾርባው አብሮ ይመጣል።

በረመዷን የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቤቱ ሁሉ ይጣደፋል። ሾርባው ትኩስ ነው፣ ሳምቡሳው ከዘይት የወጣ ነው፣ የሁሉም ዓይን በማፍጠሪያው ላይ ነው። ስለዚህ አዛኑ ከመሰማቱ በፊት ሕፃኑ ታስሮ ይቀመጥ፤ ሲፈጠር ዓይኑን ከእርሱ ላይ የማያነሳ ሰውም ይሰየም። አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች መግሪብን ለመስገድ ሲነሱ እናትም ወደ ጓዳ ከገባች ሕፃኑን የሚያይ ማን ቀረ? ይህን ጥያቄ አስቀድመን እንመልስ። ሰው ከሌለ ሕፃኑን ከወንበሩ ማውረድ ነው። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት እህቱን «አንቺ እዪው» ብሎ መሄድ አማናን ለማይችለው ማሸከም ነው።

ማፍጠሪያው ቴምር መሆኑም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቴምር ከእነ ፍሬው ለሕፃን አይሰጥም። ፍሬው ወጥቶ፣ ልጣጩ ተገፎ፣ ሥጋው በደንብ ተፈጭቶ ወይም ለስልሶ ይሰጠው። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንድሻ፣ ያልበሰለ ካሮትና ድፍን ወይን ለሕፃን የማነቅ አደጋ አላቸው። የታነቀ ሕፃን ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም፤ ስለዚህ በጆሮ መጠበቅ አይበቃም፣ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ወንበሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሕፃኑን ብቻውን ለመተው ፈቃድ አይሰጥም።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ወንበር ልትገዙ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ይህን በአጭሩ ያዙ፦ የማይነቃነቅ መሠረት፣ በጭን መካከል የሚያልፍ ቀበቶ፣ እግር የሚያርፍበት መርገጫ፣ ታጥቦ የሚጠራ መቀመጫ፣ ከማዕዳችሁ ጋር የሚስተካከል ቁመት። እነዚህን ያሟላ ርካሽ ወንበር ይህን ካላሟላ ውድ ወንበር ይበልጣል። ከእነዚህ በላይ ለጌጥ የሚወጣ ገንዘብ ወደ ኢስራፍ እንዳያደርሰን እንጠንቀቅ። በቤታችሁ ላለው ወንበርም ዛሬ ማታ ከእራት በፊት ቀበቶውን አንዴ ፈትሹት። ጠፍቶ ወይም ተበጥሶ ከሆነ ነገ ሳይባል ይሠራ።

ከዚያም ሕፃኑን አስራችሁ፣ ወደ ማዕዱ አቅርባችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «ቢስሚላህ» በሉ። መናገር ባይችልም ይሰማል። አላህ ልጆቻችንን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልን፤ የዓይን ማረፊያም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።